ድጎማው ለኮምፒውተር አልነበረም

የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ እንደ ማዳመጫ ሁሉ የሐኪሙ መሣሪያ ስለሆነ ራሱ ይግዛው የሚለው፣ በአሜሪካ ደጋግሞ የታተመ አስተያየት ሒሳቡን ስቷል። የማዳመጫውን ጥቅም የሚያገኘው የገዛው ሐኪም ነው፤ የመዝገቡ ወጪ ግን የሐኪሙ፣ ትርፉ በአብዛኛው የሌላ ነው። የተደገመ የደም ምርመራ ሲቀር የሚተርፈው የመድን ድርጅቱ ገንዘብ ነው። ለክሊኒኩ የሚደርሰው ድካሙ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወረፋው ይረዝማል፤ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋም በማኅደሩ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈውን «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ሳይቀር ስትገለብጥ ትውላለች።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሕግ የሞላው ይህን ክፍተት ነው። ሜዲኬር በተባለው፣ በዋናነት ለአረጋውያን በሆነው የመንግሥት የጤና መድን በኩል ለአንድ ሐኪም እስከ 44,000 ዶላር ተፈቀደ፤ የሚከፈለውም ገዝቶ ላስቀመጠ ሳይሆን በተግባር ለተጠቀመ ነበር። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ያልተጠቀመው ክፍያው ተቀነሰበት። አነስተኛ ክሊኒኮችን የሚያግዙ 62 ማዕከላትም ተቋቋሙ።

ተቺዎች በአንድ ነገር አልተሳሳቱም፤ የተለያዩ ኩባንያዎች ሥርዓቶች መረጃ መለዋወጥ ተስኗቸው ቆይቷል። ይህ ግን የመረጃ ልውውጥ ደንቡ ጉድለት እንጂ የድጎማው አይደለም። ድጎማው የታለመለት አጠቃቀምስ አድጓል፦ መዝገቡን የሚጠቀሙ የክሊኒክ ሐኪሞች በ2008 ከመቶ 42 ነበሩ፤ በ2015 ከመቶ 87 ገደማ ደርሰዋል።