ሙግት፦ የወሎ ቦረና ገበሬ የምርጫ ካርድ ይውሰድ ወይስ ይተው?

ይውሰድ

ከመካነ ሰላም እስከ ሳይንትና ለጋምቦ ደጋ «ማንም ቢመረጥ ለእኛ ምን ያመጣልናል?» የሚል ሰው ብሶቱ እውነት ነው፤ ስሌቱ ግን አያዋጣውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካይ በአብላጫ ድምፅ እንደሚመረጥ ይደነግጋል፤ ቢያንስ ይህን ያህል ሰው ካልወጣ ወንበሩ አይያዝም አይልም። ግማሹ መራጭ ከቤቱ ቢውል ወንበሩ ባዶ አይቀርም፤ የወጡት ሰዎች ድምፅ ይከብዳል እንጂ። በ2000 ዓ.ም. በአካባቢ ምርጫ ዋና ዋና ተቃዋሚዎች ራሳቸውን ሲያገልሉ፣ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ከሆነው የወረዳና የቀበሌ መቀመጫ ለተቃዋሚ የደረሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። መሬትና እርዳታ ግን በዚያን ጊዜም ይደለደል ነበር፤ ያለ ተቃዋሚ ዓይን። የ1997 ዓ.ም. ምርጫ በደም ተደመደመ የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ አልክደውም። ይሁን እንጂ ያን ዓመት ተቃዋሚው ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አገኘ፤ ገዥው ፓርቲም ደንግጦ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አባላቱን ከመቶ ሺዎች ወደ ሚሊዮኖች አሳደገ። ዋጋ ለሌለው ነገር ማንም ያን ያህል አይደክምም።

ይተው

ባልደረባዬ ያልመረጠ ሁሉ በደልን የታገሠ ይመስላቸዋል። ወሎ ግን ሌላ ነገር አሳይታናለች። በሰኔ 1965 ዓ.ም.፣ ሕዝቡ በረሃብ እያለቀ ሳለ፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ተካሂዷል። ፓርቲ አልነበረም፤ ዕልቂቱን የሚጽፍ ነፃ ጋዜጣም አልነበረም። እንደራሴዎቹ ወንበራቸውን ያዙ፤ ረሃቡን ለዓለም የገለጠው ግን በጥቅምት 1966 የታየ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፊልም ሆነ። የወሎን ረሃብ ያጠናው ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርቲያ ሴን በዴሞክራሲ ረሃብ አይገባም ሲል ምርጫን ከነፃ ፕሬስና ከእውነተኛ ተቃዋሚ ጋር አጣምሮ ነው፤ ኮሮጆ ብቻውን አልበቃውም። በ2007 ዓ.ም. 547ቱም መቀመጫዎች በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ ተያዙ፤ ስድስት ወር ሳይሞላ ኦሮሚያ፣ በዓመቱም አማራ በተቃውሞ ታመሰ። ሕዝቡ በካርዱ ያልተናገረውን በአደባባይ ተናገረው ማለት ነው። ደግሞ የቦረና ገበሬ በየዕለቱ የሚያገኘው መንግሥት አራት ኪሎ ያለው አይደለም። በማዳበሪያ ድልድል እጁ ያለበት፣ ሴፍቲኔት ባለበትም ስም የሚመዘግበው ቀበሌው ነው፤ የቀበሌ ምርጫ ደግሞ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ አልተደረገም። አለቃውን እንዳይመርጥ ተደርጎ፣ ሩቅ ያለውን ምረጥ ይባላል። የመረጠውስ ምን ይገጥመዋል? የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) እንደራሴ ክርስቲያን ታደለ በ2015 ክረምት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ ያለመከሰስ መብታቸው ገና ሳይነሳ ታሰሩ። መንግሥት ይመረመር፣ ጋዜጣ ይጻፍ፣ የቀበሌ ወንበር ለውድድር ይቅረብ፤ ገበሬው ካርዱን ከዚያ በኋላ ቢወስድ ያምርበታል። እስከዚያው የሚወስደው ካርድ «ሕዝቡ መርጦናል» ለሚሉ ማስረጃ ነው።

ይውሰድ፣ በድጋሚ

የቀበሌው ነገር እውነት ነው፤ ከሙግታቸው ሁሉ የከበደብኝም እርሱ ነው። ግን በ2010 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫን ያራዘመው የትኛው ምክር ቤት ነው? በ2007 አንድም ተቃዋሚ ያልገባበት ያው የተወካዮች ምክር ቤት። የቀበሌ ምርጫ እንዲመለስ የሚጠይቅ ሰው የግድ እዚያ መግባት አለበት፤ ሊያስገባው የሚችለውም መራጩ ነው። የ1965ቱ ምሳሌም ቢሆን የሚያሳየው ምርጫ ያለ ፓርቲ ምን እንደሚመስል ነው፤ ዛሬ በምርጫ ቦርድ የተመዘገቡ ፓርቲዎች አሉ፣ ደካማም ቢሆኑ። በ2013 ዓ.ም. ብልጽግና ከ436 መቀመጫዎች 410 አገኘ፤ የቀሩት ጥቂቶች ምን ያህል እንዳስቸገሩ ባልደረባዬ ራሳቸው የጠሩት እስር ይመሰክራል። በአንድ ነገር ግን እስማማለሁ፦ ተኩስ በሚሰማበት ቀበሌ ገበሬውን ካርድ ውሰድ ማለት ግፍ ነው፤ እዚያ ቦርዱ ምርጫውን ያዘግይ። ገበያው በሚውልበት፣ መንገዱ በተከፈተበት ወረዳ ግን የምዝገባው ቀን ሳያልፍ ይመዝገብ፤ የፓርቲዎቹንም ዕጩዎች የቀበሌ ምርጫው መቼ እንደሚደረግ በስብሰባ ፊት ይጠይቃቸው።