ተራራን በእግር ስለ መውጣት

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ የጊፋታ በዓል በሚከበርበት ሰሞን፣ በማለዳ ከዲምቱ ከተማ ዳር ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ምዕራብ ብትመልሱ የዳሞታን ተራራ ታያላችሁ። ከብላቴ ሸለቆ ሙቀት ውስጥ ሆኖ ለሚመለከተው ሰው ተራራው የሌላ አገር ምድር ይመስላል። ቁመቱ ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል። ወደ ትምህርት ቤት ስትሄዱ ታዩታላችሁ፤ ስትመለሱም ታዩታላችሁ። ለመሆኑ ከመካከላችሁ ጫፉን የረገጠ ስንት ነው? ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ባነሣሁ ቁጥር ከፍ የሚሉት እጆች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ተራራው ከራሳቸው በላይ ቆሞ ሳለ፣ ከሶዶ ከተማ ልጆች እንኳ ብዙዎቹ ከግርጌው አልፈው አያውቁም።

በእኔ አስተያየት ማንኛውም ተማሪ አሥረኛ ክፍልን ከመጨረሱ በፊት ከደጁ የሚታየውን ተራራ፣ ተራራውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሆኖ፣ በእግሩ ሊወጣው ይገባል። ይህን የምለው ለመዝናኛ ያህል ብቻ አይደለም። ምክንያቴን ከመግለጼ በፊት ግን ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ።

በአውሮፓ በአልፕስ ተራሮች በክረምት ወራት አንድ የተለየ የመንገደኛ ዓይነት ይታያል። በእነዚያ ተራሮች በብዙ ስፍራ ሰውን በገመድ አንጠልጥሎ ወደ ጫፍ የሚያደርስ መኪና ተተክሏል። እነዚህ ሰዎች ግን መኪና ያልተተከለበትን፣ ጭር ያለውን ተራራ መርጠው ይሄዳሉ። ሁለት ረጃጅም የበረዶ ሸርተቴዎች ከጫማቸው ጋር ያያይዛሉ፤ ከሸርተቴው ሥር ደግሞ ፀጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ቆዳ ይለጥፋሉ። ድሮ ይህ ቆዳ በቀዝቃዛ ባሕር የሚኖር እንስሳ ቆዳ ነበር፤ ዛሬ ከፍየል ጠጉር ወይም ከናይለን የተሠራ ነው። ሸርተቴው ወደ ፊት ሲገፋ ፀጉሩ ይተኛና ይንሸራተታል፤ ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ግን ፀጉሩ ቆሞ በረዶውን ይነክሳል። በዚህ ዘዴ ዳገቱን ሦስትና አራት ሰዓት ያህል እርምጃ በእርምጃ ይወጡታል። ከጫፍ ሲደርሱ ቆዳውን ገሽልጠው ቁልቁለቱን በጥቂት ደቂቃ ይወርዱታል። ትርፍና ኪሳራን በጊዜ ለሚያሰላ ሰው ይህ ሞኝነት ነው። ይሁን እንጂ እነዚያን ሰዎች ብትጠይቋቸው ደስታው ያለው በዳገቱ ነው ይሏችኋል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ትንሽ ልበል። እኛ «በረዶ» ስንል በቅድሚያ የሚታሰበን ከሰማይ እንደ ጠጠር ወርዶ ሰብል የሚቀጠቅጠው ነው። የአልፕሱ በረዶ ግን እንደ ተባዘተ ጥጥ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል፤ ከወረደም በኋላ ለወራት ይከማቻል። ትልቁ ተራራችን ራስ ደጀን 4550 ሜትር ነው፤ ከአልፕሱ ሞን ብላን የሚያንሰው ከሦስት መቶ ሜትር ባነሰ ልዩነት ብቻ ነው። ነገር ግን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ አመዳዩ አልፎ አልፎ ይታያል እንጂ ዓመቱን ሙሉ አይቆይም። ይህም ሆኖ በበረዶ ሸርተቴ ስሙ የተጠራ ኢትዮጵያዊ አለ። ሮቤል ተክለ ማርያም አዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ ሲሆን፣ በየካቲት 1998 ዓ.ም. በጣሊያን አገር በቱሪን ከተማ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳድሮ በዚህ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በየካቲት 2002 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ በቫንኩቨር ተወዳድሯል።

የአልፕስ ሰዎች ግን ከጥንት ጀምሮ ተራራ ወዳድ አልነበሩም። እንዲያውም ይፈሩት ነበር፤ ከሞን ብላን አጠገብ ያለው አንዱ ጫፍ ዛሬም ስሙ «የተረገመው ተራራ» ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1786 ፓካር የተባለ ሐኪምና ባልማ የተባለ የተራራው አገር ሰው የሞን ብላንን ጫፍ ከረገጡ በኋላ ነው ፍርሃቱ ቀስ በቀስ ወደ ዕውቀት የተለወጠው። ዕውቀቱም በዋዛ አልተገኘም። በ1865 ማተርሆርን የተባለውን ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጡት ሰባት ሰዎች አራቱ ሲመለሱ ገመድ ተበጥሶባቸው ሞተዋል። ዛሬ በስዊዘርላንድ በዳቮስ ከተማ በረዶንና የበረዶ ናዳን የሚያጠና ተቋም አለ፤ በክረምት የናዳውን ሥጋት በአምስት ደረጃ ከፍሎ ለሕዝብ ያስታውቃል። በሸርተቴ የሚወጣውም ሰው ማስታወቂያውን አንብቦ፣ በረዶውን ቆፍሮ ንብብሩን መርምሮ፣ አስጊውን ተዳፋት ከጓደኞቹ ጋር በአንድነት ሳይሆን አንድ በአንድ እየተራራቀ ያቋርጣል።

ይህን ያስነሣኝ ነገር አለ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ከእኛ ብዙም በማይርቀው በጎፋ ዞን፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራትቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች አለቁ። ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት አካፋና እጃቸውን ይዘው የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። ለወገን መሮጥ የሚያስመሰግን ነው፤ ማንም አይወቅሳቸውም። ነገር ግን በአልፕስ ናዳ ሲወርድ የነፍስ አድን ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁት «የቀረው ተዳፋትስ ይወርዳል?» ብለው ነው፤ ከቁፋሮው በላይም የሚጠብቅ ሰው ያቆማሉ። ከዝናብ በኋላ በተዳፋት ላይ አዲስ ስንጥቅ መታየቱ፣ ቀጥ ብሎ የነበረ ዛፍ ማዘንበሉ፣ ንጹሕ የነበረ ምንጭ በድንገት መደፍረሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ይህን ምልክት የሚያይ ግን በተራራው ላይ የሚመላለስ፣ ትናንት እንዴት እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። በባጃጅና በሞተር ብስክሌት ግርጌውን ዞሮ የሚያልፍ አያየውም።

አንዳንዶቻችሁ «ተራራ መውጣት የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» ትሉ ይሆናል። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ እኔንም አንድ ቀን መልስ አሳጥቶኛል። ከዓመታት በፊት ከዲምቱ ተማሪዎቼን ይዤ በመኪና ሶዶ ደረስንና ዳሞታን በእግር መውጣት ጀመርን። በቆላው የለመድነው ሙቀት እየቀረ፣ በየቤቱ ጓሮ እንሰቱ፣ ከፍ ሲልም ገብሱ እየታየ ሄደ። በየ1000 ሜትሩ ከስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ሙቀት እንደሚቀንስ በጂኦግራፊ ትምህርት ያጠኑት ልጆች፣ ያን ቀን ሹራባቸውን ሲለብሱ ነው የገባቸው። አንዱ ተማሪ በስልኩ ዘፈን ከፍቶ ነበር፤ እንዲዘጋ ለመንሁት። ተራራ ላይ ዘፈን ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የወፉንና የውኃውን ድምፅ፣ የሚንከባለለውንም ድንጋይ ስለሚሸፍን ነው።

ከአንድ መታጠፊያ ላይ አንዲት እናት በጀርባቸው ከባድ የእንጨት ሸክም አዝለው ሲወርዱ አገኘናቸው። ከመንገዱ ወጥተን አሳለፍናቸው፤ እሳቸው ግን ቆም አሉና በወላይትኛ «ልጆቼ፣ ምን ልታመጡ ወጣችሁ?» ብለው ጠየቁን። ሁላችንም ዝም አልን። ባዶ እጁን ወጥቶ ባዶ እጁን የሚወርድ ሰው ለእሳቸው እንግዳ ነገር ነበር። በመጨረሻ አንዲት ተማሪ «እናቴ፣ ከላይ ሆነን አገራችንን ልናይ ነው» አለቻቸው። እናቲቱም ሸክማቸውን በድንጋይ ላይ አስደግፈው «የት ነው አገራችሁ?» አሉ። ልጅቱ በጭጋግ የተሸፈነውን ቆላ በጣቷ አሳየቻቸው። ለጥቂት ጊዜ አብረውን ተመለከቱ። ከዚያም፣ ያላሰብነውን፣ በየትኛው በኩል ብንሄድ መሬቱ እንደሚከዳን፣ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደሚደርቅ፣ ደመናው ከየት በኩል እንደሚመጣ ነገሩን። በአንድ ሩብ ሰዓት ውስጥ እኔ ከመጻሕፍት ያላገኘሁትን ተማርን።

ስለዚህ ተራራን ከጠገበ ሰው በፊት የሚያውቀው የደከመው ሰው ነው። ያንን ዕውቀት ግን ከእናቲቱ ተቀብሎ በደብተሩ የሚያሰፍር አልተገኘም። ልጆቻቸው ተምረው ወደ ከተማ ሲወርዱ አብሮ ይጠፋል። ተማሪው ወደ ላይ ካልወጣ የት ያገኛቸዋል?

ተራራን ማወቅ ደግሞ ተራራን ያድናል። የሁምቦን ተራራ ዛሬ ያየ ሰው የቀድሞውን መልክ ለማመን ይቸግረዋል፤ በምሳርና በግጦሽ ብዛት ተራቁቶ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ 2728 ሄክታር የሚሆነው መሬት በአካባቢው ገበሬዎች ተከለለ። ዛፉ በአብዛኛው የመጣው ከችግኝ ጣቢያ አይደለም፤ ሥሩ በሕይወት ከነበረ ጉቶ ነው። ከየጉቶው የሚበቅለውን ብዙ ቅርንጫፍ መልምለው ጥቂቱን ጠንካራ ብቻ አሳደጉ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ያ ተራራ የሞተ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ጉቶውን የነካ ግን ሥሩ ሕያው መሆኑን አወቀ።

ለመውጣት ያሰባችሁ ክረምቱን አስወጥታችሁ ጥቅምትን ጠብቁ። ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሡ፤ ውኃና ሹራብ ያዙ፤ የወጣችሁበትን መንገድ ለቤተሰብ ንገሩ፤ ሰው ያረሰውን አትርገጡ። ከሁሉ በላይ ግን የምትመለሱበትን ሰዓት ከመነሣታችሁ በፊት ቁረጡ። የአልፕስ መንገደኞች ጫፉ ቢቀርብም ሰዓቱ ከደረሰ ይመለሳሉ፤ ተራራው ለሌላ ቀን ይቆያቸዋል።

እኛም ያን ቀን ጫፉን አልረገጥነውም። እናቲቱ ባሳዩን በኩል ደመናው መጣ፤ እኔ ጫፉ ስለቀረበ ጥቂት እንግፋ ብዬ ልጆቹን መራኋቸው፤ ወዲያው ጭጋጉ ዋጠንና መንገዱ ጠፋኝ። ተራራውን የሚያውቅ የአገሩ ሰው ሳልይዝ መውጣቴ ጥፋቱ የኔ ነበር። አገራችንን ልናይ ነው ያለችው ተማሪ የእናቲቱን ቃል አስታውሳ የውኃውን ድምፅ በግራ አድርገን እንድንወርድ ባትመክረን ኖሮ በዚያ እንመሽ ነበር። በሰባት ሰዓት ከምንጩ ዘንድ ደረስን። ተማሪዎቹ ጫፉ ስለቀረባቸው አጉረመረሙ፤ እሷ ግን በሚቀጥለው ጥቅምት ከወንድሟ ጋር ተመልሳ ወጣች፤ ዲምቱንም ከላይ እንዳየቻት ነገረችኝ።