ከሕንድ የመጣው የንጉሥ ልጅ

መምህር የሆነ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ያስተማረውን ሳይሆን የተጠየቀውን ነው። እኔም በቅርቡ ከኮልፌ ወደ ቤቴ ስመለስ አንዲት ጥያቄ ከክፍል አብራኝ ወጣች፤ እስከ ዛሬም አልተለየችኝም። ብቻዬን ከምሸከማት ላንተም ላካፍልህ።

የዕለቱ ትምህርት የዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ታሪክ ነበር። ተማሪዎቼ የጦርነቱ ወሬ ሳይሰለቻቸው አይቀርም ብዬ፣ በዚያው ዘመን ወደ ግዕዝ ስለ ተመለሰ «በረላም ወይዋስፍ» ስለሚባል መጽሐፍ አነሣሁላቸው። ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። በሕንድ አገር የነገሠ አንድ ንጉሥ ልጅ በተወለደለት ጊዜ ኮከብ ቆጣሪዎች ልጁ የአባቱን ሃይማኖት እንደሚተው ይነግሩታል። ንጉሡም ልጁን በአዳራሽ ዘግቶ፣ በሽታንና እርጅናን ሞትንም ከቶ እንዳያይ አድርጎ ያሳድገዋል። ነገር ግን ልጁ አድጎ አንድ ቀን ከግቢ ሲወጣ በመንገድ ላይ የሥጋ ደዌ የያዘውንና ዓይነ ስውሩን ያያል፤ ሌላ ቀን ደግሞ የጃጀ ሽማግሌ ያጋጥመዋል። ከዚያ በኋላ የቤተ መንግሥቱ ምግብ አልጣፈጠውም። በመጨረሻም በረላም የሚባል መናኝ ነጋዴ መስሎ ገብቶ ያስተምረዋል።

ይህን እንደ ጨረስኩ አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ይህማ የቡድሃ ታሪክ ነው፤ ፊልም ላይ አይቼዋለሁ» አለ። እውነቱን ነው። የአውሮፓ ሊቃውንትም ነገሩን አበጥረው ያስረዱት በ1859 እና በ1860 ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። የሕንዱ ታሪክ በፋርስ በኩል ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ ጆርጂያ ቋንቋ፣ ከዚያም ወደ ግሪክኛ ተሻግሮ የክርስቲያን መጽሐፍ ሆነ፤ ከግሪክኛ እንደገና ወደ ዐረብኛ ተመለሰ፤ ከዐረብኛውም ወደኛ መጣ።

ስሙ እንዴት እንደ ተለወጠ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ሕንዶች ለቡድሃነት የታጨውን ሰው ቦዲሳትቫ ይሉታል። ይህ ስም በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ተብሎ ተጻፈ። በኋላ ግን አንድ ጸሐፊ ከመጀመሪያው ፊደል በታች አንዲት ነጥብ ጨመረና «ዩዳሳፍ» ሆነ፤ ከዚያ እየተጣራ «ይዋስፍ» ላይ ደረሰ። ቁርአን የቀራ አንድ ተማሪዬ ሳይጠራ ተነሥቶ፣ በሰሌዳው ላይ ባለ አንድ ነጥቧን «ባ» እና ባለ ሁለት ነጥቧን «ያ» ጎን ለጎን ጻፈልን። የዚያን ቀን መምህሩ እሱ ነበር።

ክርክሩ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ከፊሉ «እንግዲያስ መጽሐፉ የኛ አይደለም፤ የተቀዳ ነው» አለ፤ ከፊሉም ተቆጣ። እኔም ተርጓሚው ማን እንደ ነበረ ነገርኳቸው። እጨጌ ዕንባቆም ከየመን መጥቶ በአገራችን ክርስትናን ተቀብሎ የመነኮሰ፣ በደብረ ሊባኖስም ወንበር የተቀመጠ ሊቅ ነው። በ1540፣ አገር በጦርነት ስትነድ፣ «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መጽሐፉን ከቁርአን እየጠቀሰ ለኢማም አሕመድ ጻፈ። «በረላም»ንም በ1553 ለዐፄ ገላውዴዎስ ተረጎመ፤ ኢማሙ ከሞተ ገና ዐሥር ዓመት ነበር። ዳዊት ከመድገምና የተቃጠለውን ከማደስ ሌላ ሥራ ያለ በማይመስልበት በዚያ ዘመን፣ ይህ ሰው የሩቅ አገር ጥበብ ለመተርጎም ቀለም በጠበጠ።

በ1953 ወደ አገራችን መጥተው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጃችን ፍልስፍና ያስተማሩት፣ በ2012 ያረፉት ክላውድ ሰምነርም ከ1974 ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና ባሳተሟቸው መጻሕፍት ያስረዱት ይህንኑ ነው። የኛ ተርጓሚ ቃል በቃል አይገለብጥም፤ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ በራሱ ልብ አላምጦ ያቀርባል። እንግዳ ዘር በአገር አፈር ከበቀለ እህሉ የአገር ነው። ዛሬ በርበሬን ማን የባዕድ ነው ይለዋል?

በመልሴ ረክቼ መጽሐፌን ስዘጋ፣ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ብዙም የማትናገር አንዲት ልጅ ተነሣች። «ቲቸር፣ የንጉሡ ልጅስ አዘነ፣ ተማረ፣ መነነ። ያ መንገድ ላይ ያየው የታመመው ሰውዬ ግን ምን ሆነ?»

አንባቢ ሆይ፤ የምመልሰው አጣሁ። መጽሐፉ የሚከተለው የልዑሉን መንገድ ነው። እኔም የነጥቧን ታሪክ አውቃለሁ፤ ስለዚያ ሰው ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ደወል አዳነኝ። ከክፍል ስወጣ ልጅቱ ቀስ ብላ፣ «አያቴ ዘነበወርቅ ናቸው የሚኖሩት፤ ድሮ ታክመው ነው» አለችኝ። ለጓደኞቿ ነግራ እንደማታውቅ ከአነጋገሯ ተረዳሁ።

ዘነበወርቅ ከኛ ሩቅ አይደለም። በ1965 የተቋቋመው አለርትም እዚያው ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የመድኃኒት ቅንጅት የሥጋ ደዌን ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ወር ውስጥ ፈጽሞ ይፈውሳል፤ በጊዜ የታከመም አካሉ ሳይጎድል ይድናል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ሰው ስለ አያቱ ለመናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔ ራሴ በሆስፒታሉ ደጃፍ ሁለት ዓመት ሙሉ በታክሲ ስመላለስ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር። ንጉሡ ለልጁ አዳራሽ ለመሥራት ስንት ደክሟል! እኔ ግን ያለ ድካም ራሴን ዘጋሁ።

በማግስቱ ልጅቱን ጠርቼ፣ «ላንቺ ጥያቄ መልስ የለኝም፤ ፈቃድሽ ከሆነ ግን አያትሽን ልጠይቃቸው» አልኳት። በእሑዱ ሄድኩ። እማማ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ፤ ሦስተኛውን ሳልጠጣ አልለቀቁኝም። ስለ መጽሐፉም አጫወትኳቸው። የንጉሡ ልጅ የታመመውን ሰው አይቶ እንደ ደነገጠ ስነግራቸው ሳቁና፣ «ምነው ልጄ፣ ስሙን እንኳ አልጠየቀውም?» አሉኝ።

ዕንባቆም ዛሬ በሕይወት ቢኖር፣ ይህችን ቃል በትርጉሙ ውስጥ የሚጨምራት ይመስለኛል።