የጣርማበር ዳገት ሐኪም አይደለም

ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ብቻ የተመደበ ቡድን በየአውራጃው ማቆም ትርፍ ወጪ መሆኑን፣ ሕሙማንንም በአምቡላንስ ወደ ትልቅ ከተማ መስደድ እንደሚበቃ በመጽሔት የጻፉት ሰው፣ መንገዱን በካርታ እንጂ በሕመምተኛው ሥጋ አልለኩትም። ምጥ የጸናባት እናት ወይም አንጀቱ ተጠማዝዞ ደም የታገደበት የይፋት ገበሬ ከቆላማው ሸዋ ሮቢት ተነሥተው፣ ደብረ ሲናን አልፈው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚቆመውን ጣርማበርን ወጥተው ደብረ ብርሃን እስኪደርሱ ድረስ፣ የእናቲቱ ማኅፀን ሊቀደድ፣ የገበሬውም አንጀት ሊሞትና መርዙ በመላ አካላቱ ሊሠራጭ እንደሚችል የሚክድ የሕክምና ሊቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የላንሴት የዓለም ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን እንዲህ ያለው ርዳታ በ2 ሰዓት ውስጥ እንዲደረስበት የጠየቀውም ስለዚሁ ነው።

ስፔሻሊስት ያልሆነ ስለት አይጨብጥ ማለታቸው ደግሞ ይብሳል። ሀገራችን በ2002 ዓ.ም. ጤና መኮንኖችን በማስተርስ ደረጃ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማሠልጠን የጀመረችው፣ ስፔሻሊስቶች በከተማ ተከማችተው ገጠሩ ባዶውን በቀረበት ዘመን ነበር፤ በሞዛምቢክም መሰል ሙያተኞች የፈጸሙት በቀዶ የማዋለድ ሥራ ከሐኪሞቹ ጋር ሲመዘን የጎላ ልዩነት አልታየበትም።

እርግጥ፣ ስለት ያዡ ብቻውን ቡድን አይሆንም፤ ማደንዘዣ ሰጪው፣ ነርሷ፣ ደሙና ኦክስጅኑ በእኩለ ሌሊትም ሊገኙ ይገባል። ጸሐፊው ስለዚህ ጉድለት ቢሟገቱ ኖሮ አብረናቸው በጮኽን ነበር።