የመቶ ሺህ ሰው ስታዲየም እና ደሞዝ ያልነበረው ተጫዋች

በአሜሪካ ከ100,000 በላይ ቋሚ መቀመጫ ያላቸው የፉትቦል ስታዲየሞች ስምንት ናቸው። ስምንቱም የዩኒቨርሲቲ ናቸው። ተጫዋቾቹ በሚሊዮን ዶላር የሚከፈላቸው የፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ እንዲህ ያለ ስታዲየም አንድም የለውም። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሜዳ 107,601 ሰው ይይዛል። ሁለቱ የኒውዮርክ ቡድኖች የሚጋሩት የሊጉ ትልቁ ስታዲየም፣ ሜትላይፍ፣ 82,500 ላይ ይቆማል። የቺካጎው ሶልጀር ፊልድማ 61,500 ብቻ ነው። (ፉትቦል የተባለው አሜሪካኖች በእጅ የሚወረውሩት ሞላላ ኳስ ነው፤ በእግር የሚጫወቱትን እነሱ ሶከር ይሉታል። ዘመኑም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ተማሪው ከባለሙያው የሰፋ ቤት አለው ማለት ነው። ለምን ሲባል ሁሌም የሚሰጠው መልስ «ፍቅር ነው» የሚል ነው። አያት ልጁን፣ ልጅም ልጁን እያስከተለ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ስታዲየም ይተማል፤ ፕሮፌሽናል ቡድን በሌለበት ትንሽ ከተማ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የአገሬው ባንዲራ ነው ይባላል። ይህ ውሸት አይደለም። በሚቺጋን ከ1975 መጨረሻ ጀምሮ፣ የኮቪዱ 2020 ካልተቆጠረ፣ ከ100,000 ሰው በታች የታየበት የሜዳው ጨዋታ የለም። ነገር ግን ፍቅር ብቻውን ሲሚንቶ አይገዛም። የስታዲየሙን ልክ የወሰነው ማን ተከፈለው፣ ማን አልተከፈለውም የሚለው ጥያቄ ነው።

እርግጥ ዩኒቨርሲቲዎቹ ቀድመው ጀምረዋል። የኦሃዮ ስቴት ስታዲየም በ1922፣ የሚቺጋኑ በ1927 ሲከፈት፣ በ1920 የተመሠረተው ኤንኤፍኤል የቤዝቦል ሜዳ እየተከራየ የሚጫወት ድሃ ሊግ ነበር። ቺካጎ ቤርስ እስከ 1970 ድረስ ከቤዝቦል ሜዳ አልወጣም። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የራሱ መሬት አለው፤ ሲበደር ወለዱ ይቀልለታል፤ ሀብታም ተመራቂዎችም አሉት። «መቀመጫ» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ቁጥር የተጻፈበት አግዳሚ እንጂ ወንበር አይደለም፤ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይቀመጥበታል። መንግሥትም እጁን አስገብቷል። የ2017ቱ የግብር ሕግ እስኪያስቀረው ድረስ፣ ደጋፊው የወቅት ትኬት የመግዛት መብት ለማግኘት ለዩኒቨርሲቲው «የሚለግሰው» ገንዘብ 80 በመቶው ከግብር ተቀናሽ ነበር። ጥሩ ቦታ ላይ ተቀምጦ ኳስ ማየት በጎ አድራጎት ሆኖ ይመዘገብ ነበር!

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ጉልበቱ ነው። በ1955 በኮሎራዶ አንድ የኮሌጅ ተጫዋች በጨዋታ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ባለቤቱ ባሏ በሥራ ላይ እንደሞተ ሠራተኛ ተቆጥሮ ካሳ እንዲከፈላት ጠየቀች። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 ከለከላት፤ ኮሌጁ ፉትቦልን እንደ ንግድ አልያዘውም ሲል። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ «ስቱደንት አትሌት» የሚለውን ስም የፈጠረውና ያስፋፋው በዚያው ዘመን፣ እንዲህ ያለውን የካሳ ጥያቄ ለመመከት ነው። ይህን የተናገረው ተቃዋሚ አይደለም። ድርጅቱን ለአሥርተ ዓመታት የመራው ዋልተር ባየርስ ራሱ በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ አምኖታል። አንዲት ቃል የአንዲትን መበለት ካሳ ብቻ ሳይሆን የሦስት ትውልድ ተጫዋቾችን ደሞዝ በላች። በየቅዳሜው መቶ ሺህ ሰው ትኬት ገዝቶ ሲገባ፣ ሜዳ ላይ የሚሰባበረው ልጅ የሚያገኘው የትምህርት ክፍያ፣ ማደሪያና ምግብ ነበር። የተረፈው ገንዘብ ኮንክሪት ሆነ፤ የአሰልጣኝ ደሞዝም ሆነ። ዛሬ በአብዛኞቹ ግዛቶች ከፍተኛው ተከፋይ የመንግሥት ሠራተኛ አገረ ገዢው ወይም የሆስፒታል ሐኪም አይደለም፤ የኮሌጅ አሰልጣኝ ነው። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2023 አሰልጣኙን ሲያሰናብት፣ እንዲሄድ ብቻ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍለው ተገድዷል።

ፕሮፌሽናሉስ ለምን አነሰ? ከትሕትና እንዳይመስል። በ2020 በተፈረመው የሠራተኛ ማኅበር ስምምነት መሠረት ከሊጉ ገቢ ግማሽ የሚጠጋው ለተጫዋቾች ይሄዳል። ትልቁ ገንዘብ የሚመጣው ከቴሌቪዥን ነው፤ በ2021 የተፈረሙት ውሎች ብቻ በጠቅላላው ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ናቸው። ከ1973 እስከ 2014 ደግሞ ትኬቱ በጊዜ ካላለቀ ጨዋታው በከተማው ቴሌቪዥን አይታይም ነበር፤ ትንሽ ስታዲየም ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ ባለቤቱ የሚያዋጣው ከላይ ጥግ ላይ የሚቀመጠውን ድሃ ደጋፊ ቀንሶ ባለመስታወት የሀብታም ክፍል መጨመር ነው። በሜሪላንድ ላንዶቨር ያለው የዋሽንግተን ቡድን ስታዲየም በአንድ ወቅት ከ91,000 በላይ ይይዝ ነበር፤ ወንበሩ እየተነቀለ ወደ 60,000ዎቹ ወርዷል።

የሚያናድደው ትንሹንም ሕዝቡ መክፈሉ ነው። በቡፋሎ 71,608 ሰው የሚይዘው ስታዲየም ተትቶ ወደ 60,000 ገደማ የሚይዝ ሲሠራ፣ ግዛቱና ካውንቲው 850 ሚሊዮን ዶላር አዋጥተዋል። ግብር ከፋዩ ራሱን የሚያስወጣ በር በራሱ ገንዘብ አሠራ። የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤትም በ2025 ለዚያው የዋሽንግተን ቡድን ወደ 65,000 ሰው ለሚይዝ አዲስ ስታዲየም ከተማዋ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ድርሻ እንድትይዝ አጽድቋል። በከተማዋ ምግብ ቤት ከፍቶ፣ ታክሲ ነድቶ ግብር የሚከፍለው ሐበሻ በዚህ ሂሳብ ውስጥ አለበት፤ ሞላላዋን ኳስ ወደዳትም አልወደዳትም።

እንግዲህ «ኤንኤፍኤል ስግብግብ ነው፣ የኮሌጁ ግን ንጹሕ ነው» የሚሉ ወገኖች ፔንስልቬንያ ሄደው ይዩ። ቢቨር ስታዲየም እድሳቱ ከመጀመሩ በፊት 106,572 ሰው የሚይዝ፣ በአገሪቱ ሁለተኛው ግዙፍ ስታዲየም ነበር። የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቦርድ በ2024 ለእድሳቱ እስከ 700 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ትልቁ ሥራ የምዕራቡን ወገን አፍርሶ በአዲስ መልክ መሥራት ነው፤ በአዲሱ ወገንም እንደ ፕሮፌሽናሎቹ ያሉ የተንደላቀቁ ክፍሎች ይገቡበታል። በግንቦት 2025 ያው ቦርድ ሰባት ቅርንጫፍ ካምፓሶች እንዲዘጉ ወሰነ። የተሰጠው ምክንያት ተማሪ ቀነሰ፣ ወጪው ከበደ የሚል ነው። ተማሪ መቀነሱ እውነት ነው። ግን በእነዚህ ካምፓሶች የሚማረው ከቤቱ እየተመላለሰ፣ እየሠራ የሚማር የትንሽ ከተማ ልጅ ነው፤ ወደ ዋናው ካምፓስ ሂድ ሲባል የቤት ኪራይ የሚከፍልበት የለውም።

ተከራካሪዎቹ «የስፖርቱ በጀት ለብቻው ነው፤ ከተማሪ ክፍያ ሳንቲም አልተነካም» ይላሉ። ይህ መልስ እንደ ሂሳብ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እንደ ምክንያት ግን አይቆምም። ገንዘቡን የሚለምነው ያው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ብድሩን የሚያስገኘውም የዩኒቨርሲቲው ስም ነው። ለጋሽ ቤት ሲንኳኳ መጀመሪያ የሚነሳው ጉዳይ የቦርዱ ምርጫ እንጂ የእግዜር ትእዛዝ አይደለም። ለሜዳው ስያሜ 50 ሚሊዮን ዶላር የሚከፍል ኩባንያ ተገኝቷል። ለሰባቱ ካምፓሶች በዚያው ትጋት ተፈልጎ ነበር?

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጣ። በሰኔ 2025 በፍርድ ቤት በጸደቀው ስምምነት አንድ ዩኒቨርሲቲ ለአትሌቶቹ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ በቀጥታ እንዲከፍል ተፈቀደለት። ለተጫዋቹ ዘግይቶ የመጣ ፍትሕ ነው። የዩኒቨርሲቲዎቹን ምላሽ ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። 101,915 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ያለው ቴነሲ ስምምነቱ ገና ሳይጸድቅ በትኬት ላይ 10 በመቶ «የተሰጥኦ ክፍያ» ጨመረ። አሰልጣኙ እንዲቀንስ የጠየቀው የለም፤ ደጋፊው ይጨምር ተባለ። ኖርዝዌስተርን ደግሞ 47,000 የሚይዘውን አፍርሶ በ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚሠራው አዲሱ ስታዲየም 35,000 ብቻ ይይዛል። ጉልበት ዋጋ ሲያወጣ ፍቅር የተባለውም ትከሻውን ማጥበብ ጀመረ፤ ያ ሁሉ የአያትና የልጅ ልጅ ወግ ወደ ባለመስታወቱ ክፍል እየገባ ነው።

ሰባቱ የፔን ስቴት ካምፓሶች የመጨረሻ ትምህርታቸውን የሚሰጡት በ2027 የጸደይ ሴሚስተር ነው። የቢቨር ስታዲየም አዲሱ የምዕራብ ወገን ሥራ እንዲጠናቀቅ የታቀደው ደግሞ ለዚያው ዓመት የመጸው የጨዋታ ወቅት ነው።