ከሸራው ስፋት የመቀመጫው ቦታ

ለዕረፍት አዲስ አበባ ሄደው የነበሩ ሁለት ጓደኞቻችን አንድ ፊልም በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ አይተው ተመለሱ። አንደኛው «ጉድ ነው!» ሲል፣ ሁለተኛው አንገቱን እያሸ ለትኬት ያወጣው ገንዘብ ይቆጨዋል። ምክንያቱን ብንጠይቅ፣ አንደኛው ከመሀል፣ ሌላው ከፊተኛው ረድፍ ዳር ተቀምጠው ኖሯል።

ይህ ለቁስቋም ጎረቤት እንግዳ ነገር አይደለም። ከእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ሥር ተጠግቶ የቆመ ሰው የሚያየው ድንጋይና ኖራ ብቻ ነው፤ ጥቂት ራቅ ሲል ግን ግንቡን ሙሉውን ያያል፤ እጅግ ከራቀም ዝርዝሩ ይጠፋበታል።

«ትልቅ ሸራ» የሚል ማስታወቂያ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1970 በጃፓን፣ በኦሳካ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የታየው አይማክስ ባለ 70 ሚሊሜትር ፊልም በአግድም ያሳልፋል፤ ለእያንዳንዱ ሥዕል 15 ቀዳዳ ስለሚወስድ ሥዕሉ ከተለመደው ባለ 35 ሚሊሜትር ብዙ እጥፍ ይሰፋል። ስለዚህ ተመልካች ቀርቦ ቢቀመጥም ሥዕሉ አይደበዝዝበትም። ተራ ፊልም ግን በሰፊ ሸራ ላይ ስለ ተዘረጋ ዝርዝር አይጨምርም።

ስፋትም ከርቀት ጋር ነው የሚመዘነው። 10 ሜትር የሚሰፋ ሸራ ከ12 ሜትር ርቀት ሲታይ 45 ዲግሪ ያህል የዓይን ማዕዘን ይሞላል፤ 20 ሜትር የሚሰፋው ከ40 ሜትር ሲታይ 28 ዲግሪ ብቻ ነው። ትንሹ ትልቁን በለጠው ማለት ነው። እንግዲህ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ፊልሙ በምን እንደ ተነሣ፣ ሸራው ስንት ሜትር እንደ ሆነና የቀረው ቦታ የት እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ለሸራው አንድ ወርድ ወይም አንድ ወርድ ተኩል ያህል ርቆ መሀል መቀመጥ መልካም ነው።

ይህን ስሌት ወደ ራሳችን የፊልም ምሽት እንመልሰው። መሀለኛዎቹን ረድፎች የሚይዟቸው ሰዎች ሳይሆኑ ባለቤታቸው ያልመጣ ደብተሮች ናቸው። መምህራኖቻችንንም ለማክበር ብለን ከሸራው ሥር እናስቀምጣቸዋለን፤ ይህ አክብሮት ለአንገታቸው ቅጣት ነው። ዓይናቸው የደከመ ጓደኞቻችን ደግሞ በተረፈው ዳር ይቀመጣሉ።

ስለዚህ የምናሳስበው ይህን ነው፦ ደብተር ወንበር አይያዝ፤ የመምህራን ወንበር ወደ መሀል ይዛወር፤ ዓይናቸው የደከመ አስቀድመው ገብተው የሚስማማቸውን ይምረጡ፤ የቀረው በመጡበት ተራ ይሁን። ሸራ ለማስፋት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ወንበር ለማስተካከል ግን የኛ ፈቃድ ይበቃል።