ባለቤት ስለ ሌላቸው ውሾችና ስለ ክረምቱ መሰናዶ

በደቡብ ጎንደር በደራ ወረዳ በአንበሳሜ ከተማ በገበያ ቀን የዋለ ሰው፤ ሥጋ በሚሸጥበትና ጥራጊ በሚጣልበት ስፍራ የሚዞሩትን ውሾች ሳያይ ወደ ቤቱ አይመለስም። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ባለቤት ያላቸውና ቀን ቀን የሚለቀቁ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን ከቡችላነታቸው ጀምሮ የተጣሉና ማንም የእኔ ነው የማይላቸው ናቸው። በሌላው ዓለም ብዙ ከተሞች እንዲህ ያሉት ውሾች የሚሰበሰቡበት መጠለያ ተሠርቶላቸው፤ ውሻ የሚፈልግ ሰው ወደዚያ ሄዶ፤ የተከተበውን መርጦና በስሙ አስጽፎ ይወስዳል። በእኛ ባላገር ግን የውሻ መጠለያው የሰው ግቢ ስለ ሆነ፤ አንድን ባዘኖ ቡችላ የሚያስጠጋ ሰው ያለ ማንም ትእዛዝ የመጠለያውን ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

ውሻ የተናቀ እንስሳ ነው የሚል ሰው ቢኖር፤ መጽሐፈ ጦቢትን ያነበቡ ካህናት ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ወደ ሩቅ አገር በሄደ ጊዜ ውሻው እንደ ተከተለው ያስታውሱታል። የፎገራም ገበሬ በሩዙ አውድማና በከብቱ በረት ሌሊቱን ማን እንደሚጠብቅለት ጠንቅቆ ያውቃል።

ይሁን እንጂ ባለቤት የሌለው ውሻ በበዛ ጊዜ በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረው ዘዴ መርዝ በሥጋ ለውሶ መበተን ነው። ይህ ዘዴ ቀላል ይመስላል፤ ፍሬው ግን ጥቂት ነው። ምግቡ በጥራጊው ላይ እስካለ ድረስ የሞቱትን ውሾች ስፍራ ከዙሪያው የሚመጡ ሌሎች ይይዙታል፤ የቀሩትም ሴቶች ወልደው ቁጥሩን ይመልሱታል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ መርዙ የተከተበውንና ያልተከተበውን የማይለይ መሆኑ ነው፤ የተከተበ ውሻ በተገደለ ቁጥር ለበሽታው አጥር የሆነ አንድ ዘብ ጠፋ ማለት ነው። ሬሳውን የሚበሉት ጥንብ አንሣዎችም አብረው ያልቃሉ።

በሽታ ስንል የእብድ ውሻን በሽታ ማለታችን ነው። ይህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ የሚበዙትም በአፍሪካና በእስያ የሚኖሩ ናቸው፤ ከሟቾቹ ከመቶ አርባ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ወደ ሰው ከሚተላለፈው ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ የሚመጣው ከውሻ ነው። መርዙ የሚኖረው በምራቁ ውስጥ ስለ ሆነ፤ በንክሻ ብቻ ሳይሆን የቆሰለ ገላን በመላስም ይገባል። (የአልዓዛርን ቁስል ውሾች እንደ ላሱት በወንጌል እናነባለን፤ ይህን ግን ማንም ለልምድ ምሳሌ አድርጎ አይውሰደው።) ከገባም በኋላ በጅማት ተጉዞ ወደ አንጎል እስኪደርስ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይወስድበታል፤ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ይቆያል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚድን ሰው የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ የሰው ሕይወት የሚተርፈው በዚያች ዝም ባለችው ጊዜ ውስጥ ነው።

በዚያች ጊዜ የሚሠራው ሥራ ከባድ አይደለም። ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥና ክትባቱን መጀመር ነው። ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ እንደ አገራችን አቆጣጠር በ1877 ዓ.ም በእብድ ውሻ የተነከሰ ልጅ ከትቦ ካተረፈ ወዲህ መንገዱ የታወቀ ነው። በአገራችን ቀድሞ ይሰጥ የነበረው ከእንስሳ አንጎል የተዘጋጀ፤ በሆድ ላይ ለብዙ ቀን በተከታታይ የሚወጋ ስለ ነበረ፤ ስሙን የሰማ ሁሉ ይሸሸው ነበር። አዲሱ ክትባት ግን በክንድ ላይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አራት ወይም አምስት ጊዜ የሚሰጥ ነው። የቀድሞው ፍርሃት እስከ ዛሬ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው። የነከሰው ውሻ ባለቤት ያለው ከሆነ እንዳይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ፤ እስከዚያ በጤና ከቆየ በነከሰበት ቀን በምራቁ በሽታው እንዳልነበረበት ይታወቃል። ለተነከሰው ሰው የሚሰጠው ሕክምና ግን ይህን ቀን ሳይጠብቅ ይጀመራል። ባለቤት የሌለው ውሻ ነክሶ ሲሰወር ይህ ማስረጃ ሁሉ ይጠፋል፤ ውሻ ባለቤት ይኑረው የምንልበት ትልቁ ምክንያትም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ለካህናት የምንለው አለን። በጎንደርና በጎጃም የተነከሰ ሰው በመጀመሪያ ወደ ጠበል ወይም ወደ ሥር ማሽ መሄዱ የታወቀ ነው። ጠበሉን ተው የሚል የለም፤ ነገር ግን በጠበል ስፍራ ሁለት ሱባዔ የያዘ ሰው ክትባቱን ሳይጀምር ቢቀር፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሐኪሙም የሚያደርግለት ነገር የለም። ስለ ኤድስ መድኃኒት ክርክር በነበረ ጊዜ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም መድኃኒቱና ጠበሉ ባንድነት እንዲወሰዱ አስተምረው ነበር። የንስሐ አባት የተነከሰውን ልጅ «በመጀመሪያ ሐኪም ቤት፤ ከዚያም ና» ቢለው፤ ሐኪሙ ከሚናገረው አሥር ቃል ይልቅ ይህ አንዱ ይሰማል።

ውሾችን መከተብ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው፤ ፎገራ በከብቱ የታወቀ አገር ስለ ሆነ የከብቱን ታሪክ እናስታውሰዋለን። ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በ1880ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኃብ አመጣ፤ በክትባት ብዛት ግን በ2003 ዓ.ም ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ። የውሻውም እንደዚሁ፤ በአንድ አገር ካሉት ውሾች ከመቶ ሰባው ቢከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ የእንስሳ ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜም ይደገምለታል።

የፎገራ ሜዳ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው ወደ ጣና ሲገቡ በክረምት ከዳራቸው ይወጣሉ፤ በ1998 ዓ.ም ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ማፈናቀላቸው አይረሳም። በእንዲህ ያለ ቀን ሰው ልጁንና ከብቱን ይዞ ይሸሻል፤ በገመድ የታሰረው ውሻ ግን በታሰረበት ይሰጥማል፤ ያመለጠውም ተርቦ የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ሰፈረበት ኮረብታ ይመጣና ከማያውቃቸው ውሾችና ልጆች ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ ውሃው ሳይመጣ በፊት ከፍ ያለውን ስፍራ መለየት፤ ለማሰሪያ የሚሆን ገመድና የጥቂት ቀን ምግብ ማሰናዳት፤ የክትባቱን ወረቀት ከግብሩ ደረሰኝ ጋር ባንድ ከረጢት ማኖር፤ ይዞ ለመሄድ የማይቻል ከሆነም ገመዱን ፈቶ መልቀቅ ይገባል።

የወረዳው ሹማምንት ለከብት ክትባት ሕዝቡን በሚሰበስቡበት ቀን ውሻውም አብሮ እንዲመጣ ቢያዙ፤ አዲስ ጉባኤና አዲስ አበል አያስፈልግም። ማስታወቂያውም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቢነገር የማይሰማ አይኖርም። ሥራው ከግንቦት ሳያልፍ መጀመር አለበት፤ ሰኔ ከገባ በኋላ ወደ ሜዳው ቀበሌዎች የሚወስደው መንገድ ጭቃ ይሆናል።